«ከለልነው፤ ወይራው ግን አልመጣም»፦ የአገር በቀል ዛፎች ዘር እንዴት ይጓዛል?

ጥያቄ፦ በደቡብ ጎንደር የምንገኝ የወጣቶች ማኅበር አባላት ነን። ከቤተ ክርስቲያናችን ደን ማዶ ያለውን የተራቆተ ተረተር ከከብት ንክኪ ከከለልነው አምስት ዓመት ሆኖታል። ሣሩ ተመልሷል፤ ክትክታ፣ አጋምና ደደሆ በዝቷል፤ ግራርም አልፎ አልፎ ብቅ ብሏል። ወይራ፣ ጥድና ዋንዛ ግን የሉም። ባለፈው መጋቢት የወይራና የጥድ ፍሬ ለቅመን በተንን፤ አንድም አልበቀለም። አሁን ሁለት ሐሳብ አለን፦ አንዱ ከደኑ ውስጥ አፈር በጆንያ አምጥተን መበተን ነው፤ ሌላው ቁጥቋጦውን መንጥረን ችግኝ መትከል ነው። የቱ ይሻላል? የተረተሩ አፈር ውስጥ ዘር የለም ማለት ነው?

ምላሽ፦

ሁለቱንም እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ፤ በተለይ ቁጥቋጦውን አትንኩት። ለምን እንደምል ለማስረዳት ከመጨረሻው ጥያቄያችሁ ልጀምር፤ ቋጠሮው የሚፈታው እዚያ ላይ ነውና።

አዎ፣ አፈሩ ውስጥ እናንተ የምትፈልጉት ዘር የለም። ይህ በእናንተ ተረተር ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፕሮፌሰር ደምል ተከታይ ከስዊድናዊው አንደርስ ግራንስትሮም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን ደረቅ የደጋ ደኖች፣ በመናገሻና በሐረርጌው ገራ አዴስ ጭምር፣ በአፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር አጥንተው ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ከ10,000 በላይ ሕይወት ያለው ዘር አገኙ። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ደስ ያሰኛል። ዘሩ ሲበቅል ግን አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሆነ፤ ከላይ ጥላቸውን ጥለው የቆሙት የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እምብዛም አልነበረበትም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም በኋላ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አፈር ሲፈትሹ ያገኙት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ምክንያቱ በዛፎቹ ጠባይ ውስጥ ነው። ሥጋ ያለው ፍሬ የሚያፈሩ የደን ዛፎች አብዛኞቹ፣ ዘራቸው መሬት ከነካ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል። ዶቅማን ብትለቅሙ በዚያው ሰሞን ካልዘራችሁት ይደርቅና ያበቃለታል። የጥቁር እንጨት ዘርም ከጥቂት ወራት በላይ አይታመንም። እነዚህ ዛፎች ተተኪያቸውን የሚያቆዩት በተቀበረ ዘር ሳይሆን፣ በእናታቸው ጥላ ሥር ቀጭጮ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳያድግ ዓመታትን እየቆጠረ ብርሃን በሚጠብቅ ቡቃያ ነው። ሽማግሌው ዛፍ ወድቆ ሰማይ ሲከፈት ያ ቡቃያ ይነሣል። ዛፉ ተቆርጦ፣ ቡቃያው በከብት ተግጦ፣ መሬቱ ሲታረስ ከኖረ ግን ከሥር የሚነሣ ምንም አይቀርም።

ስለዚህ ከደኑ አፈር ብታመጡ የምታመጡት በብዛት የሣርና የአረም ዘር ነው። አፈሩን ስትዝቁም ያንን ቡቃያ ከነሥሩ ታነሣላችሁ፤ ይኸውም ደኑ ያለው ብቸኛ ቅርስ ነው። በደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዳሉ ከአየር በተነሡ ምስሎች ተለይቷል፤ አብዛኞቹ ግን ስፋታቸው ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም። እንዲህ ካለ ትንሽ ደን ላይ አንድ ጆንያ አፈር መውሰድ ቀላል ጉዳት አይደለም። የአጥቢያው አባቶች ከቅጥሩ አፈር አይወጣም ቢሏችሁ በሥነ ሕይወት በኩልም ልክ ናቸው።

ግራሩና ክትክታው ታዲያ ለምን ወጡ? እነዚህ ከላይ ካልኩት ሕግ ውጪ ናቸው። የዘራቸው ልባስ ውሃ አያስገባም። እርጥበት ወደ ውስጥ እስካልዘለቀ ድረስ ዘሩ ተኝቶ ይቆያል፤ በአፈር ውስጥ ዓመታትን ያሳልፋል። ልባሱ በፀሐይ ግለትና በሌሊት ብርድ መፈራረቅ፣ በእሳት፣ በድንጋይ ፍግታ ወይም በእንስሳ ሆድ አሲድ ሲሰነጠቅ ብቻ ይነቃል። ሁሉም በአንድ ዓመት አይነቃም፤ የተወሰነው ዘንድሮ፣ የተወሰነው ከርሞ ይበቅላል። ክረምቱ አንድ ዓመት በሚሰጥበት፣ ሌላ ዓመት በሚነሣበት አገር ይህ ለዛፉ ትልቅ ዋስትና ነው። እናንተ ስትከልሉ ከአፈሩ የተነሡት እነዚህ ናቸው። የቀሩት ግን ከውጭ መምጣት አለባቸው፤ የሚመጡትም ተሸክሟቸው የሚመጣ ካለ ብቻ ነው።

ነፋስ አንዱ ተሸካሚ ነው፤ ስለ እሱ ባጭሩ ልናገር። ነፋስ የሚወስደው ቀላል ወይም ክንፍ ያለውን ዘር ነው፦ የክትክታን ባለክንፍ ፍሬ፣ የኮሶን ደቃቅ ዘር፣ በቆላው ደግሞ የአባሎንና የእጣን ዛፍን። በደረቅ ደን እነዚህ በአብዛኛው ፍሬያቸውን የሚለቁት ቅጠል በረገፈበትና ነፋስ በበረታበት በበጋ ነው፤ ዘሩ ከመዝነቡ በፊት ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ከነፋሱ በታች፣ ማለትም ነፋሱ ከደኑ ወደ እሱ በሚነፍስበት በኩል ያለ ገላጣ መሬት በነዚህ ሊሞላ ይችላል፤ ከነፋሱ በላይ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ግን ከነዚህ ዘሮች ብዙም ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ደኑ ከተረተሩ በየት በኩል እንደሆነና የበጋው ነፋስ ከየት እንደሚነፍስ ማየት ዋጋ አለው። የእጣን ዛፍን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ በኤርትራ የተካሄደ ጥናት፣ ሙጫ ለማውጣት ካልተበጡ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ሲበጡ ከኖሩ ዛፎች ከተለቀመው ግን የበቀለው ከ16 በመቶ በታች እንደነበር አሳይቷል። ዛፉ ለዘር ያስቀመጠውን ምግብ ሙጫው ይወስድበታል። በመተማ ወይም በአበርገሌ ያላችሁ ይህን የምታነብቡ ወገኖች ካላችሁ፣ ዘር የምትለቅሙባቸውን ዛፎች ከቢላዋ አሳርፏቸው።

ወደ ወይራው ልመለስ። ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ አጋም፣ ደደሆ፣ ቀጋ፣ ሾላ፣ ዶቅማ፣ እሸ፣ ዝግባ፦ እነዚህ ሁሉ የሚጓዙት በአፍ ነው። ከተራቆተ መሬት ላይ የሚታጡትም ከእነዚህ ብዙዎቹ ናቸው።

የወይራ ፍሬ ለትንሽ ወፍ አፍ የሚበቃ ነው። ወፏ ትውጠዋለች፤ ሥጋው ሆዷ ውስጥ ይቀራል፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ዘሩን (ድንጋዩን) ወይ በአፏ ትመልሰዋለች ወይ በኩሷ ታወጣዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የወይራው ዘር የሚወድቅበትን ቦታ የሚወስነው ወፏ በዚያች ሰዓት ውስጥ የት ተቀምጣ ነበር የሚለው ነው። ጭልፊት የምትፈራ ወፍ በሣር ሜዳ መካከል አታርፍም። ከደኑ ዳር ወደ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ወደ ነጠላ ዛፍ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ትዘላለች። ገላጣውን በበረራ ትሻገረዋለች እንጂ ዘር አትጥልበትም። ስለዚህ ደኑ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ቢርቅም፣ በመካከል ማረፊያ ከሌለ ተረተሩ ለወይራ በጣም ሩቅ ነው።

ወፏ የምታርፍበት ቁጥቋጦ ደግሞ ቡቃያው የሚያድግበትም ነው። በትግራይ ደጉዓ ተምቤን በተከለሉ ተራሮች ላይ ቤልጂየማዊው ራፍ ኤርትስና ባልደረቦቹ ይህንኑ አጥንተው ነበር፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ያሳዩት ነገር ግልጽ ነው፦ በደደሆና በመሰል ቁጥቋጦዎች ሥር ያለ የወይራ ቡቃያ በገላጣ ካለው የተሻለ ዕድል አለው። በበጋው ቀትር ጥላው የአፈሩን ሙቀት ይቀንሳል፤ የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይይዛል፤ እሾሁና ጥቅጥቅ ያለው ቅርንጫፍ ፍየል እንዳትደርስበት ይከላከላል። ሰባትና ስምንት ወር ዝናብ በማይታይበት አገር የአንድ ዓመት ቡቃያ የሚሞተው በበጋው ነው፤ ያንን የመጀመሪያ በጋ የሚያሻግረው ቁጥቋጦው ነው።

አሁን ተረተራችሁን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። አጋምና ደደሆ በዝቷል ብላችኋል። አጋምን ማን አመጣው? ወፍ ናት ያመጣችው። ደደሆም እንዲሁ። ይህ ማለት ወፎቹ ወደ ተረተራችሁ መመላለስ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ምልልሱ በቁጥቋጦው በኩል እየሰፋ ነው። ጥያቄያችሁን ሳነብ ያስደነገጠኝ ይህንኑ ልትመነጥሩት ማሰባችሁ ነው። ብትመነጥሩት ወይራው የሚመጣበትን መንገድ ቆርጣችሁ፣ የሚያድግበትንም ቤት አፍርሳችሁ፣ በምትኩ ውሃ ካላጠጣችሁት የማይተርፍ ችግኝ በጠራራ ፀሐይ ላይ ታቆማላችሁ። ከከብት በተከለሉ መሬቶቻችን ላይ ይህ ሲደረግ አያለሁ፤ «ጽዳት» ይባላል፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

ይህንን ከማድረጋችሁ በፊት ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር ሆናችሁ በየአጋሙና በየደደሆው ሥር ተንበርክካችሁ እዩ። ቅርንጫፉን በዱላ ገልጡት። ጠባብ፣ ጠንካራ፣ ትይዩ የበቀሉ ቅጠሎች ያሉት፣ የቅጠሉ ጀርባ ከፊቱ ቀለም የተለየ፣ ጭራሮ የሚያህል ቡቃያ ብታገኙ ወይራ ነው። ወይራ የለም ያላችሁት ከላይ ሆናችሁ ስላያችሁት ሊሆን ይችላል፤ አምስት ዓመት ለወይራ አጭር ጊዜ ነው፤ ከአጋሙ በላይ አንገቱን አላወጣም ይሆናል።

ጥድ ከወይራ ይለያል። ፍሬው እንደ ወይራ በወፍ ይጓዛል፤ ቡቃያው ግን ብርሃን ይወዳል፤ በጨለመ ጥላ ሥር አይከናወንለትም። ለእሱ የቁጥቋጦው ጫፍ እንጂ እምብርቱ አይስማማውም። ጥድ ወንዱና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው፤ ስለዚህ ፍሬ የማያፈራ ጥድ ብታዩ መሃን ነው ብላችሁ አትቁረጡት፤ ያለ እሱ የሌሎቹ ፍሬ ባዶ ይሆናል። የጥድ ፍሬ መጀመሪያውኑ ውስጡ ባዶ የሆነ ዘር ይበዛበታል፤ ወንዱ ከሩቅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ትልልቅ ዘር ያላቸውን ትንሿ ወፍ አትችላቸውም። የዝግባን ፍሬ የሌሊት ወፍና ትልልቅ ፍሬ በል ወፎች ናቸው የሚያጓጉዙት። እሸንና ዶቅማን ጦጣና ዝንጀሮ ይበላሉ፤ ጥቂቱን በጉንጫቸው ይዘው ሄደው ይተፉታል። ሾላ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ሁሉም ይወስደዋል። ሰዎች የማያስተውሏት ግን ጥርኝ ናት። ጥርኝን በዝባዷ ብቻ እናውቃታለን እንጂ ደን ዘሪ መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። በሌሊት ፍሬ ስትለቅም ታድራለች፤ ኩሷን ደግሞ የትም አትጥልም፤ አንድ ቦታ መርጣ እየተመላለሰች ትጥላለች። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ በኢትዮጵያ የተደረጉ ምርመራዎች የብዙ ዛፍና ቁጥቋጦ ፍሬ ዘር ሳይሰበር አግኝተዋል። በተረተራችሁ ጫፍ እንዲህ ያለ ቦታ ካገኛችሁ አታጽዱት፤ ክረምት ሲገባ ሄዳችሁ ምን እንደበቀለበት እዩ። ልጆችም ተሸካሚ ናቸው። እረኛ ዋንዛ እየበላ፣ አጋም እየለቀመ ዘሩን በመንገዱ ሁሉ ይተፋል፤ በየገደሉ አፋፍና በየእረኛው ማረፊያ ድንጋይ አጠገብ የበቀሉ ዋንዛዎች በዚህ የመጡ መሆናቸውን ለመገመት አይከብድም።

ከብት ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ቡቃያውን ይግጣል፣ ይረግጣል፤ ዶክተር ዓለማየሁ በደቡብ ጎንደር ባደረጉት ሙከራ በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ እንኳ ከብት ሲከለከል የቡቃያው መብቀልና መትረፍ ተሻሽሏል፤ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር ሲያሠሩ የኖሩትም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የግራርን ዝርያዎች የሚዘራው ይኸው ከብት ነው። ፍየልና በግ የግራር ቆባ በበጋ ይበላሉ፤ ጠጣሩን ዘር ፍየል ስታመነዥክ በረት ውስጥ ትተፋዋለች፤ የቀረው በፋንድያ ይወጣል። በሆድ ያለፈ ዘር ልባሱ የሳሳ ይሆናል፤ ቆባው ቶሎ ከተበላ ደግሞ ዘሩን የሚበሳው ነቀዝ ሳያድግ ይሞታል። ስለዚህ የግራር ዘር ከፈለጋችሁ ዛፍ ላይ አትውጡ፤ ጠዋት በጎረቤት የፍየል በረት መሬቱን ጥረጉ።

ይህ በር ለመጥፎውም ክፍት መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው ባዕድ እሾሃማ ዛፍ ጣፋጭ ቆባውን ከብትና የዱር እንስሳት እየበሉ፣ ዘሩን ከነፋንድያው እየጣሉ፣ የአፋርን ግጦሽ ምን እንዳደረገው አገር ያውቃል። በእናንተ በኩል የሚያሰጋኝ የወፍ ቆሎ (ላንታና) የሚባለው ወራሪ ቁጥቋጦ ነው። ስሙ እንደሚለው ወፍ ይወደዋል፤ አጋሙን ያመጣችው ወፍ እሱንም ታመጣለች። ቁጥቋጦ አትንኩ ስል ይህን አይጨምርም። ገና አንድ ሁለት ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት።

የእንስሳን ሆድ ለደን ማልማት አስቦበት የተጠቀመ ሰው አለ። በኮስታ ሪካ ጓናካስቴ በሚባለው ደረቅ ቆላ ዳንኤል ጃንዘን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ለከብት ርቢ የተመነጠረን ሰፊ መሬት ወደ ደን ለመመለስ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1988 በጻፋቸው ጽሑፎች ደረቅ የሐሩር ደን ከሐሩር ደኖች ሁሉ ይበልጥ ለመጥፋት የተቃረበ መሆኑን ያስጠነቀቀው እሱ ነው። ያየው ነገር ከእናንተ ተረተር ጋር ይመሳሰላል፦ ከነፋስ በታች ያለው የግጦሽ መሬት በባለክንፍ ዘሮች ሲሞላ፣ ከነፋስ በላይ ያለው ግን በእንስሳት በሚዘሩ ዛፎች፣ ያውም በነጠላ ዛፎች ሥር ብቻ እየተሰበሰበ ያገግማል። የአካባቢውን ስም የያዘው የጓናካስቴ ዛፍ ደግሞ ትልልቅና ጠንካራ ዘር አለው፤ ጃንዘንና ፖል ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳመለከቱት ይህን ፍሬ ይበሉ የነበሩት ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት የጠፉ ግዙፍ እንስሳት ሳይሆኑ አይቀሩም። ዛሬ ቦታቸውን ፈረስና ከብት ይዘዋል። ጃንዘን ቁጥራቸው የተመጠነ ከብቶችና ፈረሶች በሚታደሰው መሬት ላይ ለጊዜው እንዲቆዩ የደገፈው፣ ለዘሩ ብቻ ሳይሆን ለእሳት ማገዶ የሚሆነውን ሣር እንዲቀንሱለትም ነው። እናንተ ከብት መልሱ አልልም፤ አገራችን የከብቱ ብዛት ሌላ ነው። ሣሩን ግን አጭዳችሁ ውሰዱ፤ ከብታችሁን በቤት ትመግባላችሁ፣ የእሳትን አደጋ ትቀንሳላችሁ፣ ለቡቃያውም ቦታ ይከፈትለታል።

በመጋቢት የበተናችሁት ለምን እንዳልበቀለ እንነጋገር። ምክንያቱ አንድ አይመስለኝም። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሦስት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ላይ ላዩን የተበተነ ዘር አይጥና ጉንዳን ይለቅሙታል፤ በደቡብ ጎንደር ደኖች በተደረገ ክትትልም ከተበተነው የዛፍ ዘር እጅግ የሚበዛው ክረምት ሳይደርስ ይጠፋል። ሥጋውን ሳታነሡለት ከበተናችሁት ደግሞ ሥጋው ራሱ ይበሰብስበታል፣ ሻጋታ ይጠራል፤ በተፈጥሮ ይህን ሥራ የምትሠራው ወፏ ናት። የወይራው ድንጋይ ካልሳሳ ደግሞ ቢዘንብለትም ወራት ይፈጃል። ጥዱ እንዳልኩት ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍሬው መሬት ላይ የወደቀ ነበር ወይስ ከዛፉ? ከመሬት የተለቀመ ብዙ ጊዜ በነቀዝ የተበሳ ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ወይራ ፍሬው ጠቁሮ ሲለሰልስ ከዛፉ ላይ ልቀሙ፤ በውሃ ውስጥ አሽታችሁ ሥጋውን አንሡ፤ የተንሳፈፈውን ጣሉ፤ በጥላ አድርቁ። ለመዝራት ስትቃረቡ ድንጋዩን በቀላሉ ሰንጥቁት። ጉጠት ወይም ትንሽ ማጥበቂያ ብረት ብትጠቀሙ ከመዶሻ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው ዘር እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ አንድ ሌሊት በውሃ ዘፍዝፉ። ለዝግባም ጠንካራውን ቅርፊት መስበር ወሳኝ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር በቀል ዛፎች ላይ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ሲነሣለት እጅግ ፈጥኖ እንደሚበቅል አሳይተዋል። ጥዱን ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ሲመስል ልቀሙት፤ አሽታችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱ፤ የሚሰጥመውን ብቻ ያዙ። ግራርን ደግሞ ውሃ አፍልታችሁ ከእሳቱ ካወረዳችሁ በኋላ ክተቱትና እስኪቀዘቅዝ እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ያበጠው ለመዝራት ዝግጁ ነው፤ ያላበጠውን ድገሙለት።

የምትዘሩት ክረምቱ በቅጡ ሲገባ ነው፤ አንድ ቀን በጣለ ዝናብ አትታለሉ። ወይራን በአጋሙና በደደሆው ጥላ ሥር፣ ጥድን በቁጥቋጦው ጠርዝ፣ ግራርን በገላጣው ዝሩ። ዘሩን አትበትኑ፤ ሣሩን በእጅ ገለጥ አድርጋችሁ የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ በሚያህል ጥልቀት ቅበሩትና በረገፈ ቅጠል ሸፍኑት። የተቀበረን ዘር አይጥ በቀላሉ አያገኘውም። በአንድ ቦታ ሦስት አራት ዘር አድርጉ። ዶቅማ፣ እሸና ዝግባ ግን በቀጥታ ከመዝራት ይልቅ በችግኝ ጣቢያ አፍልታችሁ ከዓመት በኋላ ብትተክሏቸው ይሻላል፤ ተሸካሚያቸው በአካባቢያችሁ ስለመኖሩ እርግጠኛ መሆን አይቻልምና።

ቁጥቋጦ የሌለበት የተረተሩ ክፍል ላይ ለወፎች ማረፊያ አብጁ። ደረቅ እንጨት ማቆም ይቻላል፤ እኔ ግን የምመርጠው ኮርችና ሾላ ወፍራም ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ሲተከል ስለሚይዝ፣ ሰው የሚያህል ቁመት ያለውን ቆርጣችሁ በሰኔ እንድትተክሉ ነው። ማረፊያም ጥላም ይሆናሉ፤ ሾላው ሲያፈራ ደግሞ የሌሊት ወፍ ይጠራላችኋል። በማረፊያው ሥር ሣሩን በየዓመቱ አጽዱ፤ ብዙ አገር እንደታየው ማረፊያ ብቻውን ዘር ያመጣል፣ ሣሩ ካልተነሣ ግን ዘሩ ቡቃያ ሳይሆን ይቀራል። በተረተሩ አጠገብ የባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ተክል ካለ ሥሩን ፈትሹት፤ በመናገሻና በሙነሳ ሻሸመኔ የተደረጉ ጥናቶች የተፈጥሮ ደን በቅርብ ካለ በእነዚህ የተተከሉ ዛፎች ሥር ብዙ አገር በቀል ቡቃያ እንደሚነሣ አሳይተዋል። እዚያ የተጨናነቀ ቡቃያ ካገኛችሁ በዝናብ ወቅት ከነአፈሩ ነቅላችሁ ማዛወር ትችላላችሁ።

ዘር ስትለቅሙ ደግሞ ከአንድ ዛፍ አትጠግቡ። የዘር ለቃሚዎች ደንብ ከ30 የማያንሱ እናት ዛፎች፣ አንዱ ከሌላው ቢያንስ 50 ሜትር የራቁ ይሁኑ ይላል። ይህ በአንድ አጥቢያ ደን ውስጥ የሚገኝ ላይሆን ይችላል። ጥቂት ወይራ በቀረበት ትንሽ ደን ውስጥ ዛፎቹ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከሦስት ከአራት አጥቢያ፣ ከፍታቸው ከእናንተ ጋር ከሚቀራረብ ደኖች ለቅማችሁ አደባልቁ። ከዘሩም ሁሉንም አትውሰዱ፤ ወፎቹ የሚበሉት ይቅር።

ለዚህ ክረምት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ብትችሉ ቆጠራውን አስቀድሙ። ሃያ አጋም፣ ሃያ ደደሆ፣ ቁጥቋጦ የሌለበት ሃያ ቦታ ምረጡ፤ በእያንዳንዱ ሥር ያገኛችሁትን የዛፍ ቡቃያ በስሙ መዝግቡ፤ ስሙን ካላወቃችሁት ቅጠሉን በወረቀት መካከል አድርቁት። ደኑ ከተረተሩ ምን ያህል እንደሚርቅና በየት በኩል እንዳለም ጨምራችሁ ጻፉልኝ፤ በየትኛው ቁጥቋጦ ሥር ምን እንደሚዘራ ያኔ በዝርዝር እመልስላችኋለሁ።